ባዶ ሊሆን የሚችለው ወንበር

ሰው በገዛ እጁ ከኪት፣ ማለትም ከፋብሪካ ተዘጋጅተው ከሚላኩ ክፍሎች፣ ስለሚገጣጥማቸው ትናንሽ አውሮፕላኖች ወሬ ሲነሳ ቀድሞ የሚጠየቀው ስለ ሞተሩ ነው። ስንት የፈረስ ጉልበት አለው፣ ምን ያህል ይፈጥናል፣ ምን ዓይነት ነዳጅ ይጠጣል? ጅማ ውስጥ የብረታ ብረት ሥራ የማስተምር እንደ መሆኔ እኔም ንባቤን የጀመርሁት ከዚያው ከሞተሩ ነበር። እያደር ግን በባለሁለት መቀመጫ አውሮፕላን ንድፍ ውስጥ ሌላውን ሁሉ ከኋላው የሚያስከትለው ሁለተኛው ወንበር መሆኑ ታየኝ። ምክንያቱም ይህ ወንበር አንድ ቀን ሰው ይቀመጥበታል፣ በማግስቱ ደግሞ ባዶውን ይበራል፤ አውሮፕላኑ ግን በሁለቱም ቀን እኩል የሚታዘዝ መሆን አለበት።

ባለአንድ መቀመጫ አውሮፕላን የሚነድፍ ሰው የጭነቱን ነገር ከሞላ ጎደል አስቀድሞ ያውቀዋል፤ አብራሪው ከሌለ በረራም የለምና። ባለሁለት መቀመጫ ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። ለምሳሌ ያህል ባዶ ክብደቱ 320 ኪሎ የሆነ አውሮፕላን 75 ኪሎ የሚመዝን አብራሪ ብቻውን ይዞ ሲነሳ፣ ነዳጁን ለጊዜው እንተወውና፣ 395 ኪሎ ይሆናል፤ እኩያ ጓደኛውን ሲጨምር ደግሞ 470 ኪሎ ይደርሳል። አንድ ሰው ወረደ ተሳፈረ ለሚኒባስ ሹፌር ምኑም አይደለም፤ ለዚህ አውሮፕላን ግን ከጠቅላላ ክብደቱ አንድ አምስተኛ የሚጠጋ ነው። ከክብደቱም በላይ የሚያሳስበው ክብደቱ የሚያርፍበት ቦታ ነው። የአውሮፕላን የክብደት ማዕከል ከክንፉ አንጻር በጠባብ ወሰን ውስጥ መቆየት ይኖርበታል። ማዕከሉ ወደ ፊት ሲበዛ አፍንጫውን ማንሳት ያስቸግራል፤ ወደ ኋላ ሲያልፍ ደግሞ አውሮፕላኑ በነፋስ ሲናወጥ በራሱ ወደ ሚዛኑ መመለስ ያቅተዋል፣ ክንፉ ማንሳት አቁሞ ስቶል ውስጥ ከገባም ማውጣቱ ከባድ ይሆናል።

ስሌቱ ቀላል ስለሆነ ተማሪዎቼ በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ይሠሩታል። ሁለተኛው ሰው ከአብራሪው ጀርባ የሚቀመጥ ከሆነና ወንበሩ ቀድሞ ከነበረው የክብደት ማዕከል በ85 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ቢርቅ፣ 75ን በ85 አባዝቶ ለ470 ማካፈል ነው፤ ማዕከሉ 13.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይሸሻል። የክንፉ ወርድ 1.3 ሜትር ከሆነ ይህ የወርዱ አንድ አሥረኛ ነው፤ ንድፍ አውጪው እንዲንቀሳቀስበት የሚፈቀድለት ጠቅላላ ወሰንም ብዙ ጊዜ ከዚህ እጅግም አይሰፋም። በአንጻሩ ሁለቱ ሰዎች ጎን ለጎን ቢቀመጡና ወንበራቸው ከማዕከሉ በ22 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢርቅ፣ የሁለተኛው ሰው መጨመር ማዕከሉን የሚያንቀሳቅሰው 3.5 ሳንቲ ሜትር ነው። ሰሌዳው ላይ እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲጻፉ ክፍሉ ዝም ይላል፤ ከዚያ አንዱ ተነሥቶ «ታዲያ መምህር፣ ለምን ሁሉም ጎን ለጎን አይሠሩትም?» ብሎ ይጠይቃል።

ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም ጎን ለጎን መቀመጥ ሰፊ አካል ይጠይቃል፣ ሰፊ አካል ደግሞ አየር ይገፋል የሚል ነው። ከጀርባ ማስቀመጥን የመረጡት የድሮ ሰዎችም ችግሩን ሳያውቁት ቀርተው አልነበረም፤ መፍትሔያቸው ባዶ ሊሆን የሚችለውን ወንበር ከክብደት ማዕከሉ አጠገብ ማድረግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ አሜሪካዊው በርናርድ ፒተንፖል በፎርድ ሞዴል ኤ የመኪና ሞተር ያበረረው ባለሁለት መቀመጫ ኤር ካምፐር ላይ አብራሪው ከኋላ ነው የሚቀመጠው፤ ተሳፋሪው ፊት ለፊት ከክንፉ ሥር ስለሚሆን መኖሩም መቅረቱም ሚዛኑን ብዙ አያናውጠውም። ፋብሪካ የሠራው ታዋቂው ፓይፐር ከብም አብራሪው ብቻውን ሲሆን የሚበረው ከኋላ ወንበር ነው። አሜሪካዊው ነዳፊ በርት ሩታን እ.ኤ.አ. በ1979 ባበረረው ሎንግ-ኢዚ ላይ ነገሩን ገለበጠው፤ ሞተሩ ከኋላ፣ ትንሹ ክንፍ ከፊት ስለሆነ አብራሪው ወደ አፍንጫው ተጠጋ፣ የተሳፋሪው ወንበር ደግሞ ማዕከሉ አጠገብ ዐረፈ። ዋጋው የወጣው በአብራሪው በኩል ነው፤ ቀላል ሰው ሲያበርረው አፍንጫው ላይ እርሳስ መጨመር ሊያስፈልግ ይችላል። አውሮፕላኑ ቆሞ ሰው ሲወርድበትም ወደ ኋላ እንዳይገለበጥ የፊት ጎማው ታጥፎ በአፍንጫው ተደፍቶ ይቆማል፤ ለማያውቅ ሰው የተሰበረ ይመስላል።

ይህን ጉዳይ በአንድ ሰው የሥራ ዘመን ተዘርግቶ ማየት የሚፈልግ የአሜሪካዊውን የሪቻርድ ቫንግሩንስቨንን አውሮፕላኖች በተራ ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ1971 ያበረረው አርቪ-3 ባለአንድ መቀመጫ ነበር። በ1979 የመጣው አርቪ-4 ቀጭንነቱን ሳያጣ ሁለተኛውን ሰው ከአብራሪው ጀርባ አስቀመጠ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ደግሞ አርቪ-6 ሁለቱን ሰዎች ትከሻ ለትከሻ አደረጋቸው። የአካሉ መስፋት ፍጥነቱን ይገድለዋል ተብሎ ቢፈራም የጠፋው ጥቂት ነበር፤ በምትኩ ሁለቱ ሰዎች አንድ የመሣሪያ ሰሌዳ ይጋራሉ፣ እየተያዩ ይነጋገራሉ፣ የነፋስ መከለያው ሥር ካርታ ይዘረጋሉ። ገንቢዎች በብዛት ወደ ጎን ለጎኑ መሄዳቸው አላስገረመኝም። የቫንግሩንስቨን ድርጅት ካወጣቸው ኪቶች ተገጣጥመው የበረሩት አውሮፕላኖች ዛሬ ከ11,000 በላይ ናቸው፤ በዓይነቱ ይህን ያህል የተሠራ የለም።

በእኛ ሀገር የሁለተኛው ወንበር ጥያቄ ሌላ ክብደት የሚጨመርበት በከፍታው ምክንያት ነው። በልዕልት ፀሐይ ስም የተሰየመችው ቀይዋ አውሮፕላን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር መሪነት ስትሠራ ሁለት ሰው እንድትይዝ ሆና ነበር፤ የተገጠመላትም 115 የፈረስ ጉልበት ያለው ዋልተር ቬኑስ ሞተር ነበር። ጣሊያን ወስዷት ከ80 ዓመታት በላይ ከቆየች በኋላ በጥር 2016 ዓ.ም. ስትመለስ ብዙው ሰው ያወራው ስለ ታሪኳ ነው፤ ደግሞም ይገባታል። እኔ ግን ፎቶግራፎቿን ስመለከት ሐሳቤ የሚሄደው ወደ ክንፏ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ቦታ ላይ 115 የተባለው ጉልበት 115 ሆኖ እንደማይቀር ቬበር ሳያውቅ አልቀረም፤ የጎደለውን ማካካስ የሚችለው ክንፉ ነው።

የጅማው አባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ ከፍታ 1,700 ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ከፍታ በዓለም አቀፉ መለኪያ ሊኖር የሚገባው ሙቀት 4 ዲግሪ ቢሆንም፣ በበጋ ከሰዓት በኋላ 26 ዲግሪ ማየት ለኛ የተለመደ ነው። ያን ጊዜ አየሩ በ2,500 ሜትር ላይ እንዳለ ቀዝቃዛ አየር ይሳሳል፤ እፍጋቱ ከባሕር ወለሉ 78 በመቶ አካባቢ ይሆናል። አየር ጨምቆ የሚያስገባ ቱርቦ የሌለው 100 የፈረስ ጉልበት ሞተር፣ ለምሳሌ በዚህ መደብ እጅግ የተለመደው ሮታክስ 912፣ ከዚያ አየር ውስጥ የሚያወጣው ወደ 75 ነው። እዚህ ላይ አንድ አራተኛ ጉልበት ከጠፋ የመውጣት ፍጥነቱም አንድ አራተኛ ይቀንሳል ብሎ ማሰብ ይቀላል፤ ነገሩ ግን ከዚያ የከፋ ነው። አውሮፕላን ወደ ላይ የሚወጣው ቀጥ ብሎ ለመብረር ከሚያስፈልገው በላይ በተረፈው ጉልበት ብቻ ነውና።

በግርድፉ ሳሰላው፣ ሙሉ ክብደቱ 600 ኪሎ የሆነ አውሮፕላን በባሕር ወለል ላይ ፕሮፔለሩ ከሚሰጠው 52 ኪሎ ዋት ውስጥ 20 ያህሉ አየር ላይ ለመቆየት ይሄዳል፣ በቀሪው በሰከንድ 5.5 ሜትር ገደማ ይወጣል። ጅማ ላይ በዚያው የበጋ ከሰዓት ፕሮፔለሩ የሚሰጠው ወደ 39 ይወርዳል፤ የሚያስፈልገው ግን ሳስቶ ባለው አየር የበለጠ መፍጠን ስላለበት ወደ 22 ይጨምራል። የተረፈው በሰከንድ ከ3 ሜትር በታች የሚያስወጣ ብቻ ነው። ሁለተኛው ወንበር ባዶ ሆኖ ክብደቱ 520 ቢሆን ያው ሞተር በሰከንድ 4 ሜትር የሚጠጋ ያወጣዋል። የመንደርደሪያው ርቀትም በግምት በክብደቱ ካሬ ስለሚያድግ ሁለተኛው ሰው ብቻውን በሲሶ ያረዝመዋል። ለመንገደኛ አውሮፕላን በተሠራ አስፋልት ላይ ይህ ችግር አይደለም። ኮረብቶች ከበው በያዙት የሣር ሜዳ ላይ ግን፣ የጅሬንን ተራራ ፊት ለፊት እያየ ለሚነሣ ሰው፣ በሰከንድ አንድ ሜትር ብዙ ነው።

መፍትሔዎቹ ይታወቃሉ። አንዱ ቱርቦ ያለው ሞተር ነው፤ ሮታክስ 914 ለመነሻ 115 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል፣ ከፍታውንም ብዙ ሳይሰማው ይሠራል። ነገር ግን ይከብዳል፣ ይሞቃል፣ ይወደዳል፤ የሚበላሽ ዕቃም ይጨምራል። መለዋወጫ ከባሕር ማዶ በሚጠበቅበት ከተማ ይህን የምመርጥ ሰው አይደለሁም። የኔ ሐሳብ ክንፉን ማስፋትና ፕሮፔለሩን ለመፍጠን ሳይሆን ለመውጣት በሚመች አንግል መትከል ነው። ክሪስ ሃይንትዝ የነደፈው ባለሁለት መቀመጫ ሲኤች 701 በዚህ መንገድ የሄደ ነው፤ ወፍራም ክንፍ አለው፣ ከክንፉ ፊት ደግሞ አየሩ ተጣብቆ እንዲያልፍ የሚያደርግ የማይንቀሳቀስ ጠባብ ክንፍ ተተክሏል፤ ለዚህም አጭር ሜዳ ይበቃዋል። መልኩ አያምርም፤ ፍጥነቱም ያሳፍራል። ለጅማ ዙሪያ ግን ከቆንጆዎቹ አርቪዎች ይልቅ እሱን እመርጣለሁ።

ስለ እንጨት አንድ ነገር ብቻ ልበል። በበርጩማ ሥራ በታወቀ ከተማ እየኖሩ ዋንዛን አይቶ የእንጨት ክንፍ አለማሰብ አይቻልም። ለአውሮፕላን የሚሆን እንጨት ግን የጭረቱ መስመር ከ15 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ላይ ከአንድ ሳንቲ ሜትር በላይ ማዘንበል የለበትም፣ እርጥበቱም 12 በመቶ አካባቢ መሆን አለበት፤ የኛ ክረምት ደግሞ ረጅም ነው። ስለዚህ ወደ አልሙኒየም ተመለስሁ።

የአልሙኒየም ኪት ማለት በአብዛኛው ቀዳዳ ማለት ነው። ቀደም ባለው ጊዜ ገንቢው መጀመሪያ ክንፉን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ግዙፍ ማዕቀፍ ይሠራ ነበር፤ ከዚያ እየለካ በትራፓኖ ይበሳል። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ግን ፋብሪካዎች ቀዳዳውን በኮምፒዩተር በሚታዘዝ ማሽን እየበሱ መላክ ጀመሩ፤ የአንዱ ላሜራ ቀዳዳ ከሌላው ጋር ሲገጥም ክንፉ በራሱ ቀጥ ይላል። በኔ ግምት ከአዲስ ሞተርም ከአዲስ የክንፍ ቅርጽም በላይ ብዙ ሰው ሥራውን እንዲጨርስ ያደረገው ይህ ነው። ነዳፊው የማያውቀውን፣ ምናልባትም ትራፓኖ ይዞ የማያውቅን ሰው እጅ አስቀድሞ አስቦለታል።

ከተማሪዎቼ ጋር የሠራነው የክንፍ ቁራጭ ናሙና ነው፤ ሁለት የጎን አጥንት፣ አንድ ምሰሶና ቆዳ ያለው። ድፍን ሪቬት ስንመታ አንዱ ኮምፕረሰር ላይ የተሰካውን መዶሻ ይይዛል፣ ሌላው ከላሜራው ጀርባ ከባድ ብረት ደግፎ ይቆማል። ውፍረቱ 3.2 ሚሊ ሜትር የሆነ ሪቬት ከላሜራው ጀርባ በ4.8 ሚሊ ሜትር ያህል ወጥቶ መጀመር አለበት፤ ሲመታ ተጨፍልቆ የሚወጣው ራስ ስፋቱ ወደ 4.8፣ ከፍታው ወደ 1.6 ሚሊ ሜትር መሆን ይገባዋል። መዶሻው ትንሽ ካዘነበለ ራሱ ግማሽ ጨረቃ መስሎ ይቀራል፤ ያን አውጥቶ እንደገና መምታት ነው። በአንድ ሰው እጅ ይህ አይሆንም፤ ሁለተኛ ሰው የግድ ነው። ሃይንትዝ ግን በሲኤች 701 ላይ ከአንድ ወገን የሚጎተት ፖፕ ሪቬት መርጧል። ብቻውን በጋራዡ ለሚሠራ ሰው ሲል ነው።

ናሙናውን ካለቀ በኋላ በሰፈሩ ቆርቆሮ ሲሠሩ ለኖሩ አንድ ሽማግሌ አሳየኋቸው። «ጋሼ፣ እስቲ ይችን ይዩልኝ» ስላቸው ሪቬቶቹን አላዩም። ገና ያልተመታ አንድ ቀዳዳ ፈልገው በአውራ ጣታቸው ጥፍር ዙሪያውን ዳሰሱት። «ጠርዙ ይነክሳል» አሉኝ። «የሚነክስ ጠርዝ ውሎ አድሮ ይቀደዳል፤ በወፍራም ፑንታ አንዴ ዞር አርገው ልጄ።» የአውሮፕላን ገንቢዎች መመሪያም ከዚህ የተለየ አይልም፤ እያንዳንዱ ቀዳዳ ጠርዙ መለስለስ አለበት። ቀዳዳው ደግሞ ከ10,000 በላይ ነው።

ጠርዝ ምን ያህል እንደሚያስከፍል እ.ኤ.አ. በ2023 በግልጽ ታይቷል። የቫንግሩንስቨን ድርጅት ቫንስ ኤርክራፍት ከቀዳዳዎቹ የተወሰኑትን በሌዘር ማስቆረጥ ጀምሮ ነበር። ሌዘሩ የተወው ጠርዝ ለጠፍጣፋ ራስ ሪቬት ሲጎደጉድ መሰንጠቅ አመጣ፣ ገንቢዎችም በየጋራዣቸው ስንጥቁን አገኙት። ድርጅቱ ብዙ ክፍሎችን መተካት ግድ ሆነበት፤ ሌሎች የገንዘብ ጫናዎች ተደራርበውበት በዚያው ዓመት ዲሴምበር ወር ላይ በፍርድ ቤት ጥበቃ ሥር መልሶ ለመደራጀት አመለከተ። ንድፉ እንከን አልነበረበትም። ንድፉን ወደ ቀዳዳ የሚለውጠው አሠራር ሲቀየር ቀዳዳው ተቀየረ።

ኪት ምን ያህል ተሠርቶ መምጣት እንዳለበትም ወሰን አለው። በአሜሪካ ደንብ አውሮፕላኑ በአማተር የተሠራ ነው የሚባለው አብዛኛውን ክፍል ለትምህርትና ለመዝናኛ ብለው በተነሡ ሰዎች ሲሠራ ነው፤ በተለምዶ 51 በመቶ ይሉታል። የሚቆጠረው ሰዓት አይደለም፣ የሥራ ዓይነት ነው፤ ሞተርና ፕሮፔለርም ከሒሳቡ ውጭ ናቸው። በዚህ የተነሣ አንድ የጎን አጥንት መሥራት መቻሉን ያሳየ ሰው የቀሩትን ከፋብሪካ ቢቀበል የሚከለክለው የለም። እዚህ ላይ የኪት ነዳፊ ሥራ ከመሐንዲስነት ይልቅ ወደ መምህርነት ይጠጋል፤ ተማሪው የትኛውን በእጁ ቢሠራ እንደሚማር፣ የትኛውን ቢሠራ እንደሚሞት መለየት አለበት። የክንፉን ዋና ምሰሶ አብዛኞቹ ለፋብሪካው ይተዉታል፤ ልክ ናቸው።

ከዚያ የክንፍ ጥንካሬ ፈተና ይመጣል። 600 ኪሎ የሚመዝን አውሮፕላን ክብደቱን 4 እጥፍ እንዲችል ከተነደፈ፣ በዚያ ላይ 1.5 እጥፍ የደኅንነት መጠባበቂያ ሲጨመር 3,600 ኪሎ ይሆናል፤ ይህም 36 ኩንታል ነው። ክንፉን ገልብጦ የአሸዋ ከረጢት ይጫንበታል፤ የመጨረሻውን ጭነት ቢያንስ ለ3 ሰከንድ ሳይሰበር መያዝ ይጠበቅበታል። ሁለተኛው ወንበር ከዚህ ቁጥር ውስጥ ድርሻው ትንሽ አይደለም፤ 80 ኪሎ ሰው በ6 ሲባዛ ወደ 5 ኩንታል ይጠጋል።

አሸዋ ግን ሁሉን አይናገርም። ዚኒት ሲኤች 601 ኤክስኤል የተባለው ባለሁለት መቀመጫ አየር ላይ እያለ ክንፉ እየተሰበረ በደረሱ አደጋዎች ሰዎች ሞቱ፤ የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2009 በረራው እንዲቆም ጠየቀ። ቦርዱ የጠረጠረው ፍላተርን ነው፤ የክንፍ ጫፍ መሪው በአየሩ ግፊት ተቀስቅሶ ራሱን እያባሰ የሚርገፈገፍበት ሁኔታ ነው፣ በሴኮንዶች ውስጥም ክንፍ ይገነጥላል። በኋላ በወጣው ማሻሻያ ክንፉ ተጠናከረ፣ መሪዎቹ ላይ የሚዛን ክብደት ተጨመረ። ቆሞ የሚጫን አሸዋ የሚርገፈገፍን ነገር ሊያሳይ አይችልም።

ተገጣጥሞ ካለቀ በኋላ በአሜሪካ ልማድ የመጀመሪያዎቹ 25 ወይም 40 ሰዓቶች የሙከራ በረራ ናቸው፤ ቁጥሩ የሚወሰነው ሞተሩና ፕሮፔለሩ አብረው አስቀድሞ የተመሰከረላቸው በመሆናቸው ወይም ባለመሆናቸው ነው። በዚህ ጊዜ ተሳፋሪ አይፈቀድም። ለሁለት ሰው ተብሎ የሰፋው አካል፣ የተለጠጠው ክንፍ፣ የተመረጠው ሞተር ሁሉ ወንበሩ ባዶ ሆኖ ይበራል። ጠንቃቃ ፈታኝ በሰዓቶቹ አጋማሽ ላይ ወንበሩን በአሸዋ ከረጢት መሙላት ይጀምራል፤ ከረጢቱ እንዳይንሸራተትና መሪውን እንዳይነካ በቀበቶው ታስሮ፣ በየበረራው ጥቂት ኪሎ እየተጨመረበት፣ የክብደት ማዕከሉ ወደ ኋላ ወሰኑ እየተጠጋ። በእያንዳንዱ ደረጃ ስቶል ይሞከራል፣ የመውጣት ፍጥነቱም ይመዘገባል። ጅማ ላይ ቢሆን ይህን ጠዋት ብቻ መሥራት አይበቃም፤ ከሰዓት በኋላ አየሩ ሲሳሳ መደገም አለበት።

የአሜሪካ ደንብ አንድ ጽሑፍ ከተሳፋሪው ፊት እንዲለጠፍ ያዛል፤ አውሮፕላኑ በአማተር የተሠራ መሆኑን፣ ለመደበኛ አውሮፕላኖች የወጣውን የደኅንነት ደንብ እንደማያሟላ ይናገራል። አንዳንድ ገንቢዎች እንዳይታይ ጥግ ላይ በትንሹ ይለጥፉታል። እኔ ብሆን በግልጽ ለጥፌ ከሥሩ አንድ መስመር እጨምርበታለሁ፦ ይህ ወንበር በስንት ኪሎ አሸዋ፣ በየትኛው ቀን፣ በስንት ዲግሪ ሙቀት እንደተፈተነ።